ጠደቀልሽ ወይ?

ስኮትላንድ ተራራ ላይ ዛፍ ልተክል እንደምሄድ ለአያቴ የነገርኳት በስልክ ነው። አያቴ የምትኖረው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«ምን ልትሠሪ ነው ያልሽኝ?» አለች።

«ችግኝ ልተክል፣ እምዬ።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ይሰማሻል?» አልኳት።

«ይሰማኛል። ፈረንጅ አገር ዛፍ የለም እንዴ?»

የምመልስላት አልነበረኝም። ለሁለተኛ ዲግሪ ግላስጎው ከመጣሁ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። በመኝታ ቤቴ መስኮት የሚታየው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ዝናቡ አያባራም፣ ሣሩ አይደርቅም። ማስታወቂያውን ሳየው እኔም የጠየቅሁት ያንኑ ነው። ለአንድ ሳምንት ወደ ሰሜኑ ተራራማ አገር ሄዶ የጠፋ ደን ለመመለስ የሚያግዝ በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል ይላል። ምግብና ማደሪያ ተችሏል። የኔ ትምህርት ቁጥርና ኮምፒውተር ነው፤ ከደን ጋር አይገናኝም። ግን ወሩ ኦክቶበር ነበር። ቀኑ አጥሯል፣ ሆዴ ባብቷል። ከክፍሌ መውጣት ፈልጌ ነበርና ተመዘገብኩ።

«እንግዲህ ይቅናሽ» አለችኝ አያቴ። «ብቻ ስትመለሺ ጠደቀልሽ እንደሆን ትነግሪኛለሽ።»

በኛ ገጠር «ጸ»ን «ጠ» ነው የሚሏት። ጸሎት ጠሎት ነው፣ ጸደቀም ጠደቀ ነው። ይህን ቃል እመለስበታለሁ።

ከግላስጎው ኢንቨርነስ በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በሚኒባስ የሎክ ነስን ሐይቅ ዳር ይዘን ሄድን። ወደ ምዕራብ ታጥፈን ካኒክ የምትባል ትንሽ መንደር ደረስን። ከካኒክ አለፍ ሲሉ ግሌን አፍሪክ የሚባለው ሸለቆ ይጀምራል። ስሙ ከአህጉራችን ጋር አይዛመድም፤ በጌሊክ፣ ማለትም በአገሬው የቆየ ቋንቋ፣ ጥንታዊ የሴት ስም ነው ይላሉ። እኔ ግን ደስ አለኝ።

ስምንት ነበርን። አንድ ጀርመናዊ ተማሪ፣ ከሊቨርፑል የመጣች ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ ሌሎችም። የሚመሩን ስልሳን ያለፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አካፋ አልሰጡንም። አንድ ከፍታ ላይ ወስደው አቆሙንና «እዩ» አሉን። «ምን ይጎድላል?»

ማንም አልመለሰም። ተራራው ሰፊ ነው። ቡናማ ነው። ደመናው ጫፉን ይነካዋል። ውሃው ከየገደሉ ይወርዳል። እኔ የመጣብኝ የጉና ተራራ ነው። ደብረ ታቦር ላደገ ሰው ጉና ሁልጊዜ አለ፤ ቀና ካልክ ይታያል። ተራራውን የሸፈነው ሄዘር የሚሉት አጭር ቁጥቋጦ የኛ የአስታ ዘመድ መሆኑን ኋላ ነው የተረዳሁት። ባይተዋርነቴ በዚያች ቅጽበት ትንሽ ቀለል አለ። ምንም የጎደለ አልመሰለኝም። ተራራ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ነው ያደግሁት።

«እዚህ ደን ነበር» አሉን ሰውየው።

ያ ደን የካሌዶንያ ደን ይባላል። የበረዶው ዘመን ካለፈ በኋላ የሰሜኑን ስኮትላንድ ሰፊ ክፍል ይዞት የነበረ የፓይን፣ የበርች፣ የሮዋንና የሌሎች አገር በቀል ዛፎች ደን ነው። የጠፋው በአንድ ጊዜ አይደለም። ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት አየሩ እየረጠበ ሲመጣ መሬቱ በፒት፣ ማለትም ሳይበሰብስ በተከማቸ ጥቁር የረግረግ አፈር እየተሸፈነ፣ ደኑ መሸሽ ጀምሮ ነበር። የቀረውን ሰው ቆረጠው። ለቤት፣ ለመርከብ፣ ለከሰል፣ ለሁለቱ የዓለም ጦርነቶች። እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለት ተመራማሪዎች አገሩን እየዞሩ የቀሩትን የፓይን ደኖች ሲመዘግቡ ያገኙት 35 ቁራጭ ብቻ ነው። ዛሬ የቀረው ከጥንቱ ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ቢሆን ነው።

ግሌን አፍሪክ ከነዚያ ቁራጮች አንዱ ነው። ታች ሐይቁ ዳር ትልልቆቹ ዛፎች አሉ። ቅርፊታቸው ወደ ላይ ሲሄድ ቀይ ይሆናል። ቅርንጫፋቸው የተጣመመ፣ ሽበት የመሰለ ነገር የተንዠረገገበት ነው። አገሬው «አያት ፓይን» ይላቸዋል። ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ዓመት የሞላቸው አሉ።

ሰውየው ከአንዷ ሥር አቆሙን። «አሁንስ ምን ይጎድላል?» አሉ።

ነርሷ ናት ያወቀችው። «ልጆች» አለች።

እውነቷን ነው። ከአሮጊቶቹ ዛፎች ሥር ወጣት ዛፍ የለም። ጎረምሳ ዛፍም የለም። አያቶች ብቻ የቀሩበት መንደር ነው። ዘር ሳይጥሉ ቀርተው አይደለም። በየዓመቱ ይጥላሉ፣ ይበቅላልም። ቡቃያው ግን ከሄዘሩ በላይ ራሱን ብቅ ሲያደርግ አጋዘን ቀንጥሶ ይበላዋል። በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ቀይ አጋዘን በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ያሳድደው የነበረው ተኩላ ነው፤ ተኩላውን ደግሞ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1700ዎቹ አጋማሽ በፊት አጥፍቶ ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ሀብታሞች ለአደን ብለው አጋዘኑ እንዲበዛ ፈለጉ። እናት ዛፎቹ ይህን ሁሉ ዘመን ወልደው፣ አንድም ልጅ ሳያሳድጉ ቆሙ።

ይህን ስሰማ ከልቤ አዘንኩ። ለዛፍ እንዲህ አዝኜ አላውቅም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ተከልን። አካፋው ከኛ አካፋ ጠበብ፣ ረዘም ይላል። ችግኙን በጎን በሚንጠለጠል ከረጢት ትይዘዋለህ። ርዝመቱ ከስንዝር ብዙ አይበልጥም። መጀመሪያ ቀጭን ዘንግ መሬቱ ውስጥ ትሰድዳለህ፤ የፒቱ ጥልቀት ከ50 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ አይተከልበትም፣ ይታለፋል። ጥልቅ ፒት ራሱ ካርቦን ያከማቸ ሀብት ስለሆነ ዛፍ ተክለህ አታደርቀውም። ቦታው ደህና ከሆነ ሣሩን ትገፍፋለህ፣ አፈሩን በአካፋ ትሰነጥቃለህ፣ ሥሩን ቀጥ አድርገህ ታስገባለህ፣ በተረከዝህ ትረግጠዋለህ። ከዚያ ጫፉን በሁለት ጣት ይዘህ ቀስ ብለህ ትስበዋለህ። ከተነቀለ አልተተከለም ማለት ነው። መስመር መሥራት ክልክል ነው። እዚህ ሦስት፣ እዚያ አምስት፣ ወዲያ ባዶ። ደን ሰልፍ አይወጣም አሉን መሪያችን።

ዝናቡ በጎን ነበር የሚመጣው። ጣቶቼ ደነዘዙ። የተዋስኩት ቦቲ ጫማ ውሃ አስገባ። ማታ ስቆጥር 94 ተክያለሁ። ጀርመናዊው ከ150 በላይ ተከለ። እኔ ግን እያንዳንዱን ሁለቴ እስበው ነበርና አልቆጨኝም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ከውጭ የሆነ ነገር ያገሳል። ልክ እንደ አንበሳ። ከተራራው ወዲህ አንዱ ሲያገሳ ከወዲያ ሌላው ይመልሳል። ፈርቼ ነርሷን ቀሰቀስኳት። «አጋዘን ነው» አለችኝ። «በዚህ ወር ወንዶቹ ለሴቶቹ ይዋጋሉ።» ብርድ ልብሴን ተከናንቤ በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። እንዲህ ያለ የሚያምር ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ እንደ ጠላት ሲነገረኝ የዋለው እንስሳ ይኸው ነው። አገሩ ነው፣ እዚሁ ነው የኖረው፤ ያበዛውም የሰው ልጅ ነው። ልጠላው አልቻልኩም፣ እስካሁንም አልጠላውም።

በሦስተኛው ቀን አጥር ላይ መደቡኝ። ቅር አለኝ። ልተክል ነው የመጣሁት። ከመሪያችን ጋር የሽቦ አጥር ተከትለን በእግር መሄድ፣ የላላውን መወጠር፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ማንሳት ነው ሥራው። አጥሩ ሁለት ሜትር ያህል ቁመት አለው። በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት ታስሮበታል። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ካፐርኬሊ የሚባል የዱር አውራ ዶሮ የመሰለ ትልቅ ወፍ አለ፤ ቁጥሩ በጣም ተመናምኗል። ሽቦው ስለማይታየው በርሮ ይጋጭና ይሞታል። እንጨቱ እንዲታየው ነው። ደኑን የሚያድነው አጥር የደኑን ወፍ ይገድላል። ሰውየው ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ተለወጠ። አጥር አይወዱም። አጋዘኑ ቢቀንስ ኖሮ አጥር ባላስፈለገ ነበር ይላሉ። እስከዚያው ግን ይዞራሉ። በበረዶም፣ በዝናብም።

አንድ ጥግ ላይ ስንደርስ ቆሙ። «ወዲያና ወዲህ እዪ» አሉኝ።

ከአጥሩ ውጪ የማውቀው ቡናማ ተራራ ነው። ከአጥሩ ውስጥ ግን ደን አለ። ትንሽ ደን። ቁመቱ ከኔ የሚበልጥ ፓይን አለ። ቅጠሉ ወርቅ የመሰለ በርች አለ። ፍሬው ቀይ የሆነ ሮዋን አለ። ያው አፈር ነው፣ ያው ዝናብ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ሽቦ ብቻ ነው።

«ይህን መቼ ተከላችሁት?» አልኳቸው።

«ማንም አልተከለውም» አሉኝ። «አጠርነው፣ ተውነው።»

በኛ ቋንቋ ስም አለው። ወፍ ዘራሽ ይባላል። ሮዋን ቃል በቃል ወፍ ዘራሽ ነው፤ ፍሬውን ወፍ ይበላና ወዲያ ሄዶ ይጥለዋል። የፓይኑ ዘር በነፋስ ነው የሚበተነው፣ ከእናቱም ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ነው እናቶቹ ከራቁበት ቦታ ላይ እኛ የምንተክለው። እናት ካለች ግን አጥር ይበቃል። ቃሉን በአማርኛ አልኩላቸው፣ ትርጉሙንም ነገርኳቸው። ደብተር አውጥተው ጻፉት።

ወዲያው የታየኝ ደብራችን ነው።

አገራችንን ከሰማይ ያየ ሰው ያውቀዋል። ደቡብ ጎንደር በአብዛኛው እርሻ ነው። በእርሻው መሃል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ጥቁር እንጨቱ በሌላው ቦታ አልቆ እዚያ ቅጥር ውስጥ ተርፏል። ልጅ ሆኜ ከደብራችን ቅጠል አንጠልጥዬ ስወጣ አያቴ ተቆጥታኝ ታውቃለች። ቄሰ ገበዙ ገዝተውበታል፣ አይነካም ትላለች። እኔም የደብር ዛፍ ለዘላለም የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

አሁን ግን ከአጥሩ ሥር ቆሜ ደብራችንን በሐሳቤ ዞርኩት። ትልልቆቹን ዛፎች አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። ከሥራቸው ምን ነበር? መሬት። የተረገጠ፣ የተጠረገ መሬት። ከብቱ በጥላው ያርፋል። በንግሥ ቀን ሕዝቡ ይቆምበታል። አንድም ትንሽ ጥድ ትዝ አላለኝም።

ማታ ካኒክ ወርደን ዋይፋይ ሳገኝ ደወልኩ። በአገራችን እኩለ ሌሊት ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው፤ ደንግጣ ነው ያነሳችው።

«እምዬ፣ ደብራችን ውስጥ ትንንሽ ዛፍ አለ?»

«ምን ሆነሻል?»

«ዝም ብለሽ ንገሪኝ። አዲስ የበቀለ ጥድ አለ?»

አሰበች። «ይበቅላል እንጂ» አለች። «ከብቱ ያሳድገዋል መሰለሽ?»

ይህን ነገር ያጠኑ ሰው አሉ። ብዙ አንባቢ በመጽሐፎቻቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ሙያቸው ደን ነው። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ ከብት የሚገባበትንና የማይገባበትን ቦታ እያነጻጸሩ መርምረዋል። ከብት ሲከለከል ቡቃያው ይተርፋል። ካልተከለከለ ደኑ ያረጃል እንጂ አይተካም። ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ተነጋገሩ፤ በባሕር ዳር አካባቢ ዣራን በመሳሰሉ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተሠራ። ድንጋዩ ከየማሳው የተለቀመ ነው። ገበሬው ማረሻውን የሚሰብርበትን ድንጋይ አውጥቶ ለደብሩ ሰጠ። ማሳውም ጠራ፣ ደኑም ታጠረ። ይህን ከመሄዴ በፊት አንብቤው ነበር። ያኔ መልካም ዜና ብዬ አለፍኩት። አሁን ግን ስለ አያቴ ዛፎች እንደሆነ ገባኝ። ለእሷም በስልክ ነገርኳት። «ካብ?» አለች። «ድንጋዩማ ሞልቷል።»

ስለራሴም አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን 350 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ተብሎ በተነገረበት ዕለት እኔም ተራራ ላይ ነበርኩ። አረንጓዴ ካናቴራ ለብሼ 12 ችግኝ ተከልኩ። የሚበዛው ወይራና ግራቪሊያ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ዘፈንን፣ ፎቶ ተነሳን። ያ ቀን እውነተኛ ደስታ ነበረው፤ ዛሬም ሰው ሲያጣጥለው ደስ አይለኝም። ሕዝብ በአንድ ቀን ተነስቶ አፈር ሲነካ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ግን አልተመለስኩም። በበጋው ውሃ አላጠጣሁም። ከብት ይግባ አይግባ አልጠየቅሁም። ያ ተራራ ከቤታችን በእግር አንድ ሰዓት ነው። አንድም ቀን ሄጄ አላየሁም። ፎቶው እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። 12ቱ ችግኞች ግን የት እንደደረሱ አላውቅም።

አያቴ የምትጠይቀው ለዚህ ነው። ለእሷ «ተከልኩ» የሚለው ቃል ገና ዓረፍተ ነገር አልሆነም። በአማርኛ ችግኝ ሥር ሰድዶ ሲተርፍ «ጸደቀ» ነው የሚባለው። ሰው ከኃጢአት ሲተርፍም «ጸደቀ» ነው። አንድ ቃል ነው። ልጅ ሆኜ ይህ አይገርመኝም ነበር። ያን ሳምንት ግን አካፋዬን ይዤ ስለዚህ ቃል ብዙ አሰብኩ። ማንም ሰው በተወለደ ቀን ጸደቀ አይባልም። የኖረው ነው የሚታየው። ችግኝም በተተከለ ቀን አይጸድቅም፤ ክረምት ያልፍበታል፣ በጋ ያልፍበታል፣ ፍየል ያልፍበታል። ለሰውየው ይህንንም ልነግራቸው ሞከርኩ። እንግሊዝኛው አልሆንልሽ አለኝ። ግን የተረዱኝ ይመስለኛል።

በአራተኛው ቀን ነቀልን። ሲትካ ስፕሩስ የሚባል ዛፍ አለ። ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ዘሩን ወደ ብሪታንያ ያመጣው ዴቪድ ዳግላስ የተባለ ስኮትላንዳዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1831። አንደኛው የዓለም ጦርነት እንጨቱን ሲጨርሰው እ.ኤ.አ. በ1919 የደን ኮሚሽን ተቋቋመና ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ በሰፊው መትከል ተጀመረ። ሲትካ ዛሬ በስኮትላንድ ከማንኛውም ዛፍ በላይ ቦታ ይዟል። ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚተከል ከሥሩ ብርሃን የለም፣ ሣር የለም፣ ወፍም ብዙ የለም። ዘሩ ደግሞ በነፋስ እየሄደ አገር በቀሉ ደን ውስጥ ይገባል። እሱን ነበር የምንነቅለው።

ዛፍ ልተክል ሄጄ ዛፍ መንቀል ከበደኝ። ባሕር ዛፍን አስታወሰኝ። ምኒልክ በ1880ዎቹ ማገዶ አልቆባት የነበረችውን አዲስ አበባን ያተረፉት በሱ ነው፤ እሱ ባይመጣ ከተማዋ ቦታ ትለውጥ ነበር ይባላል። እኔም የመጀመሪያ ዲግሪዬን የተማርኩት አባቴ ከማሳው ጥግ ላይ እየቆረጠ በሸጠው ባሕር ዛፍ ነው። ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ምንም አያስበቅልም ሲሉ እውነት ነው። ያስተማረኝም እሱ ነው፤ ይህም እውነት ነው። ስለዚህ ሲትካ የሚተክለውን ገበሬ መውቀስ አልችልም። እንጨት ያስፈልጋል። ቦታ ቦታው ላይ ይሁን ነው የምለው። እዚያ ሸለቆ ውስጥ፣ ከአሮጊቶቹ ሥር፣ ቦታው አይደለም። እየከበደኝም ነቀልኩ።

እዚያው አካባቢ መሬት ላይ የተነጠፈ አጭር ቁጥቋጦ አገኘሁ። ጫፉን ቆንጥሬ አሸሁትና አሸተትኩት። ጥድ ነው! የኛ ጥድ ሰማይ ይነካል፤ ይህ ከጉልበቴ አይበልጥም። ሽታው ግን ዘመድ ነው። አገሬው በአዲስ ዓመት ቀን ጥዱን አጭሶ ቤቱንና ከብቱን የሚባርክበት የቆየ ልማድ አለው አሉኝ። ዕንባዬ መጣ። አንድ ቅርንጫፍ ለአያቴ ልወስድላት አማረኝ። የደብሩን ቁጣዋን አስታወስኩና ተውኩት።

በመጨረሻው ቀን ከሸለቆው በላይ የወደቀ ግድግዳ አሳዩን። የሰው ቤት ነበር። ምድጃው ያስታውቃል። የበሩ ደፍ ድንጋይ አሁንም አለ። በዚህ አካባቢ ብዙ ሕዝብ ይኖር ነበር። ባለ መሬቶቹ ለበግ ብለው ገበሬውን አስነሱት። ብዙው እ.ኤ.አ. ከ1801 ጀምሮ በመርከብ ወደ ካናዳ ሄደ። ከበጉ በኋላ አጋዘን መጣ። ሸለቆው የተፈጥሮ ባዶ አይደለም፤ ሰዎቹን አስወጥተው ነው ባዶ ያደረጉት።

ሰውየው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። በኋላ እንዲህ አሉ፦ አንዳንድ የአካባቢው ሰው ስለ ደን መመለስ ስናወራ ደስ አይለውም። መጀመሪያ ለበግ አስወጡን፣ ቀጥሎ ለአጋዘን፣ አሁን ደግሞ ለዛፍ ነው ወይ ይለናል። ጥያቄው ትክክል ነው አሉ። ስለዚህ ሥራው ለዚህ አካባቢ ልጆች እንጀራ ካልሆነ አጥሩ አይቆምም።

አያቴ አራት ፍየሎች አሏት። በአገራችንም ተራራ ይከለላል፤ ክልክል ይባላል። ብዙ ቦታ ሠርቷል፣ የተራቆተው ገደል ለብሷል። ግን ፍየሏን የት ትወስዳት? ሣሩን አጭደሽ ውሰጂ ካልተባለች፣ ክልክሉ የኔ ነው ካላለች፣ ሌሊት ሽቦውን የሚያነሳ ይመጣል። የደብሩ ካብ የሚቆመው ድንጋዩን ያመጣው ገበሬው ራሱ ስለሆነ ይመስለኛል። ስለ ፍየል ያልተናገረ የችግኝ ተከላ ንግግር ከዚያ ወዲህ አያረካኝም።

ወደ ግላስጎው ተመለስኩ። ክረምቱ ረጅም ነበር። በረዶ በወረደ ቁጥር አስባቸው ነበር።

ከመውጣታችን በፊት ከተከልናቸው መካከል 50ዎቹን በሸንበቆ ምልክት አድርገን ነበር፤ ለቆጠራ። በሜይ ፈተናዬን ስጨርስ ለሰውየው ጻፍኩላቸው። «ነዪ» አሉኝ። በራሴ ወጪ ሄድኩ። ሁለታችን በእንብርክክ ሣሩን እየገለጥን ቆጠርን። የሞተ ባገኘሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ያለ ባገኘሁ ቁጥር ጫፉን በሁለት ጣት እነካለሁ። አዲስ መርፌ ቅጠል አውጥቷል፤ ለስላሳ ነው፣ ፈዛዛ አረንጓዴ። ምልክት ከሌለበት ቦታ አንዲት ሮዋን አገኘን። እሷን ማንም አልተከላትም።

ማታ ደወልኩ።

«ጠደቀልሽ ወይ?» አለች፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ።

«ከሃምሳው አርባ አንዱ ጠድቋል፣ እምዬ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ። ዘጠኙስ?»

«አምስቱን አይጥ በላቸው። አራቱ ውሃ ተኝቶባቸው ነው።»

«እዚያው ላይ ድገሚበት። ውሃውን ግን መጀመሪያ አውርጂለት።» ትንሽ ቆየች። «አንቺ ስትመጪ ማን ነው የሚያያቸው?»

ስለ ሰውየው ነገርኳት። በበረዶ አጥር እንደሚዞሩ፣ ወፉ እንዳይጋጭ እንጨት እንደሚያስሩ። ስማቸውን ጠየቀችኝ። ሁለቴ ሞከረችው፣ ለአፏ ከበዳት። «ግድ የለም፣ በጠሎት ሳስባቸው እግዜር ያውቃቸዋል» አለች።

ከዚያ ድምፅዋ ራቅ አለ፤ ከቤት እየወጣች ነበር መሰለኝ።

«እኛም ድንጋይ እየለቀምን ነው» አለች። «ቄሰ ገበዙን ነገርኳቸው። በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁለት ሁለት ይዞ ይመጣል። የምሥራቁ በኩል ተጀምሯል። ገና ጉልበት አልደረሰም።»